ጉልበቱን ያመመው ልጅ፤ የሕፃናት ቁርጥማት ምርመራ ታሪክ

ለሐኪም የመጀመሪያው መረጃ የሕመምተኛው ቃል ነው። ይህ የቆየ ደንብ ሕፃናት ዘንድ ሲደርስ ይሰናከላል። የሦስት ዓመት ልጅ መገጣጠሚያዬን አመመኝ አይልም፤ መሮጥ ይተዋል፣ ጠዋት ከአልጋው ሲወርድ ያነክሳል፣ እቀፉኝ እያለ ያለቅሳል። ከፍ ያለውም ልጅ ቢሆን ሕመሙ ዛሬ በቁርጭምጭሚቱ፣ ነገ በጉልበቱ ሲዘዋወርበት፣ ወላጆቹ ወይ ወድቆ ነው ወይ ቁመት እየጨመረ ነው ብለው ያልፉታል። በሳምንቱ ልጁ ተነሥቶ ይጫወታል። ሐኪም ፊት ሲቀርብ የሚታይ ነገር ላይኖር ይችላል። ስለዚህም የሕፃናትን የቁርጥማትና የመቆጣት በሽታዎች ለይቶ የማወቅ ታሪክ በአመዛኙ፣ በጊዜና በአካል ተራርቀው የሚታዩ ምልክቶችን በአንድ ክር የማሰር ታሪክ ሆኖ ይገኛል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ክሩ መጀመሪያ የላላ ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ሲደናም በ1686 ልጆች እጅና እግራቸውን ያለፈቃዳቸው የሚያወራጩበትን፣ ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን ሕመም በጥንቃቄ ገልጸው ጻፉ። ስለ ቁርጥማትም የጻፉት ጥቂት አይደለም። ሁለቱ የአንድ በሽታ ሁለት ገጾች ሊሆኑ እንደሚችሉ ግን አልጠረጠሩም። ከመቶ ዓመት በኋላ ዴቪድ ፒትኬርን በለንደን ለተማሪዎቻቸው ቁርጥማት ልብን እንደሚያገኝ ያስተምሩ ጀመር፤ ዊልያም ቻርልስ ዌልስም በ1812 ይህንኑ በጽሑፍ አወጡት። በ1816 ላኤኔክ በፓሪስ ስቴቶስኮፕን ከፈለሰፉ ወዲህ ልብን ማዳመጥ ለሁሉም ተቻለ። በዚያው በፓሪስ ዣን ባቲስት ቡዮ መገጣጠሚያው ያበጠ ሕመምተኛ ሲመጣላቸው ሁሉ፣ ደረቴን አመመኝ ባይልም፣ ልቡን ማዳመጥን ልማድ አደረጉ፤ በ1836ም በትኩሳት የታጀበ ብርቱ የመገጣጠሚያ ሕመም ካለ የልብ መጎዳት ደንብ እንጂ ድንገት የሚያጋጥም ነገር እንዳልሆነ አስታወቁ። (ሕክምናቸው ብዙ ደም ማፍሰስ ነበር፤ የመረመሩበት ጥበብ ካከሙበት እጅግ ይበልጥ ነበር ማለት ይቻላል።)

ይሁን እንጂ ቡዮም ሆኑ ከእርሳቸው በፊት የነበሩት በይበልጥ ያዩት አዋቂዎችን ነበር። በሽታው በሕፃናት ዘንድ ሌላ መልክ እንዳለው አጉልተው ያሳዩት፣ በለንደን የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ሐኪም የነበሩት ዋልተር በትለር ቺድል ናቸው። በ1889 ባቀረቡት ትምህርት፣ አዋቂውን አልጋ ላይ የሚጥለው የመገጣጠሚያ እብጠት በልጅ ላይ ቀላል፣ አንዳንዴም ከነአካቴው የማይታይ መሆኑን፣ የሚጎዳው በይበልጥ ልብ መሆኑን አስረዱ። ከቆዳ ሥር የሚዳሰሱት ጠጣር ጉብጉብታዎች፣ የቆዳው ቀለበት መሰል ሽፍታ፣ የእጅ እግር መወራጨት፣ የጉሮሮ ሕመም፣ የልብ ክዳን መቆጣት፣ እነዚህ ሁሉ በአንድ ጊዜ አይመጡም፤ አንዱ ዛሬ፣ ሌላው ከወራት ምናልባትም ከዓመታት በኋላ ይከሠታል። ሐኪሙ የዛሬውን ምልክት ብቻ ቢያይ ዓይኑ ፊት ያለውን በሽታ አያውቀውም። በዚህ የቺድል ትምህርት ላይ እስከ ዛሬ የተጨመረው ብዙ ነው፤ የተቀነሰው ግን ጥቂት ነው።

የበሽታው መነሻ የታወቀው ከዚህ በኋላ ነው። በ1904 ጀርመናዊው አሾፍ በልብ ጡንቻ ውስጥ የበሽታውን ልዩ አሻራ በማይክሮስኮፕ አሳዩ። በ1931 ኮበርን በኒው ዮርክ፣ ኮሊስ በለንደን፣ በሽታው ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ጀርም ካደረሰው የጉሮሮ ሕመም ቀጥሎ እንደሚመጣ አመለከቱ፤ በ1932 ቶድ ጀርሙ ማለፉን በደም ውስጥ የሚያሳይ ምርመራ አስገኙ። በጉሮሮ ሕመሙና በመገጣጠሚያው ሕመም መካከል ሁለት ሦስት ሳምንት ስለሚያልፍ፣ ያ ሁሉ ትውልድ ሁለቱን አለማገናኘቱ የሚያስገርም አይደለም።

ከዚህ ላይ የታሪኩ ማዕከል ወደ ቦስተን ይሻገራል። በዚያ ከተማ የጉድ ሳማሪታን ቤት በተባለው ሆስፒታል ዶክተር ደኬት ጆንስ ከባልደረባቸው ከዶክተር ብላንድ ጋር በሩማቲክ ፊቨር የተያዙ አንድ ሺህ ሕመምተኞችን ከልጅነታቸው ጀምሮ ለሃያ ዓመታት ተከታትለዋል። በዚያ ዘመን የሐኪሞቹ ጭንቀት በሽታው ሳይታወቅ ማለፉ ብቻ አልነበረም፤ ያለ ቦታው መጠራቱም ነበር። ሩማቲክ ፊቨር አለበት የተባለ ልጅ ለወራት አልጋ ላይ እንዲተኛ ይደረግ፣ ከትምህርቱና ከጓደኞቹ ይለይ ነበር። ማታ ማታ እግሩን የሚያመው ጤነኛ ልጅም ይኸው ፍርድ ሊደርስበት ይችል ነበር። ስለሆነም ጆንስ በ1944 ምልክቶቹን ዓቢይና ንዑስ ብለው ከፍለው፣ ሁለት ዓቢይ ወይም አንድ ዓቢይና ሁለት ንዑስ ሲገኙ በሽታው ሊሆን ይችላል የሚል መመዘኛ አቀረቡ። መመዘኛው በመላው ዓለም የሕክምና ተማሪ በቃሉ የሚያጠናው ሆነ።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ። በ1944ቱ የጆንስ ሠንጠረዥ ውስጥ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ እብጠት ባይኖረውም እንኳ፣ ከዓቢዮቹ ምልክቶች ተራ ነበረ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ሠንጠረዡ ሲሻሻል ሕመም ብቻውን ወደ ንዑሳኑ ዝቅ ተደረገና በቦታው የታየ የብዙ መገጣጠሚያ እብጠት ገባ። በ1965 ደግሞ የስትሬፕቶኮከስ ማስረጃ መገኘት ግዴታ ሆነ። ለአሜሪካ ይህ አግባብ ነበር። በሽታው እየቀነሰ በሄደበት አገር፣ የተሳሳተ ምርመራ ከትክክለኛው የመብዛት አደጋ ስላለው፣ ወንፊቱን ማጥበብ ተገቢ ነው። ነገር ግን ሠንጠረዡ የተጓዘው በሽታው ወዳልቀነሰባቸውም አገሮች ነበር።

የበሽታው መቀነስ ያልታሰበ ፍሬም አፍርቷል። ይህን ለመረዳት ወደ እንግሊዝ መመለስ ያስፈልጋል። በታፕሎው መንደር፣ ካናዳ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ባሠራችው ሆስፒታል ውስጥ፣ በ1947 የልጆች ቁርጥማት ልዩ ክፍል ተከፈተ። ኃላፊው ዶክተር ኤሪክ ባይዎተርስ ነበሩ፤ በ1951 ዶክተር ባርባራ አንሰል ተቀላቀሏቸው። ክፍሉ የተቋቋመው ለሩማቲክ ፊቨር ነበር። ዳሩ ግን በቀጣዮቹ ዓመታት አልጋዎቹ ከዚያ በሽታ እየለቀቁ ሲሄዱ፣ በስተኋላ ተሸፍነው የነበሩ ሌሎች ልጆች ጎልተው ታዩ። እነዚህም መገጣጠሚያቸው ለወራትና ለዓመታት የሚያብጥ፣ ልባቸው ግን የማይነካ ነበሩ።

እነዚህን ልጆች ቀድሞ ለይቶ ያወቃቸው አልጠፋም። ፍሬድሪክ ስቲል ገና ሠላሳ ዓመት ሳይሞላቸው፣ በግሬት ኦርመንድ ስትሪት ባዩአቸው ሕፃናት ላይ ተመሥርተው በ1897 የ22 ልጆችን ታሪክ አሳትመው ነበር። ከእነዚህ መካከል ንፍፊታቸውና ጣፊያቸው ያበጠ፣ ትኩሳት የሚመላለስባቸው ሕፃናት ሕመም ከአዋቂዎቹ የመገጣጠሚያ በሽታ የተለየ መሆኑን ስቲል በግልጽ ተናገሩ። ከእርሳቸውም ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ በፓሪስ ዲያማንበርዤ ለመመረቂያ በጻፉት ጥናት 38 ልጆችን ሰብስበው ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ብዙም ሳይራመድ ቆየ። አስተማሪ ሊሆን የሚችለው ሕመምተኛ በየሆስፒታሉ አንድ ሁለት እየሆነ ተበታትኖ ነበርና።

ታፕሎው የተበተኑትን ሰበሰበ፤ ልጆቹም ብዙ ጊዜ ስለሚቆዩ ቀንም ሌሊትም የሚያያቸው ነበረ። በስቲል በሽታ የተያዘ ሕፃን ትኩሳቱ ማታ ላይ ይወጣል፤ ከትኩሳቱም ጋር ፈዛዛ ሮዝ ሽፍታ ይመጣና ትኩሳቱ ሲበርድ ይጠፋል። ጠዋት የሚዞር ሐኪም ይህን አያገኘውም፤ የማታ ተረኛዋ ነርስ ግን ታየዋለች። ባይዎተርስና ባልደረባቸው በ1956 ይህን ሽፍታ መለያ ምልክት አድርገው አወጡት። የደም ምርመራውም ቢሆን የሚጠበቀውን ያህል አልረዳም፤ በአዋቂዎች ዘንድ የሚታመንበት የሩማቶይድ ፋክተር በአብዛኞቹ ሕፃናት ላይ አይገኝም። ጥቂት መገጣጠሚያ ብቻ ባበጠባቸው፣ በተለይም በትናንሽ ልጃገረዶች ላይ፣ የዓይን ውስጠኛው ክፍል ያለ ሕመምና ያለ መቅላት ሲቆጣ ኖሮ ልጅቱ ማየት ሲሳናት ብቻ የሚታወቅበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ ዓይንሽን አመመሽ ወይ ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ በየጊዜው በስሊት ላምፕ መመርመር ግድ ሆነ። በስሙ ላይ የነበረው ክርክር ግን ረጅምና ብዙም የማያጓጓ ነው። አሜሪካውያን አንድ፣ አውሮፓውያን ሌላ ስም ይዘው ሲከራከሩ ቆይተው፣ ከ16 ዓመት በፊት የጀመረና ቢያንስ 6 ሳምንት የቆየ፣ መነሻው ያልታወቀ የመገጣጠሚያ መቆጣት በአንድ ስም እንዲጠራ በ1990ዎቹ ተስማሙ።

የምልክት ዝርዝር ምን ያህል እንደሚረዳ፣ ምን ያህልም እንደሚያሳስት የሚያሳይ ሌላ ታሪክ ከጃፓን ይገኛል። በጥር 1961 በቶኪዮ የቀይ መስቀል ሆስፒታል ዶክተር ቶሚሳኩ ካዋሳኪ አንድ የአራት ዓመት ልጅ መረመሩ። ትኩሳቱ አልበርድ ብሏል፤ ዓይኖቹ ያለ አር ቀልተዋል፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፤ ሽፍታ ወጥቶበታል፤ እጅና እግሩ አብጦ በኋላ የጣቶቹ ቆዳ ተላጠ። ልጁ ዳነና ወደ ቤቱ ሄደ፤ ለበሽታው ግን ስም አልተገኘለትም። በዓመቱ ሁለተኛ መጣ። ካዋሳኪ ሌላ በሽታ ነው የሚሏቸውን ባልደረቦች አስተያየት እየሰሙ መመዝገባቸውን ቀጠሉ፤ በ1967 የ50 ልጆችን ታሪክ በጃፓንኛ አሳተሙ። ለጊዜው ራሱን በራሱ የሚሽር፣ ጉዳት የማያስከትል ሕመም ይመስል ነበር። ልብን የሚመግቡት ቧንቧዎች በበሽታው እንደሚያብጡና አንዳንድ ልጆች ዳኑ ከተባለ በኋላ በድንገት እንደሚሞቱ የተረጋገጠው ቀጥሎ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ በተደረጉ ጥናቶች ኢሚኖግሎቡሊን በመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት ውስጥ በደም ሥር ቢሰጥ ይህን ጉዳት እጅግ እንደሚቀንስ ታወቀ። ከዚህ ወዲህ ጥያቄው የጊዜ ሆነ፤ የሁሉንም ምልክት መሟላት የሚጠብቅ ሐኪም ቀኖቹ ያልፉበታል። ምልክቱ ብዙ ጊዜ የማይሟላላቸው ደግሞ ስድስት ወር ያልሞላቸው ጨቅላዎች ናቸው፤ የልብ ቧንቧ ጉዳት በይበልጥ የሚያሠጋውም እነርሱኑ ነው።

የጆንስም ሠንጠረዥ የተፈተነው በዚሁ ዓይነት ነው። በ2007 በካምቦዲያና በሞዛምቢክ የትምህርት ቤት ልጆች ላይ የተደረገ ጥናት ታተመ። በስቴቶስኮፕ ተጀምሮ በተረጋገጠው ምርመራ በሩማቲክ የልብ በሽታ የተያዙት ከአንድ ሺህ ልጆች መካከል በሁለቱም አገሮች 2 ያህል ነበሩ፤ ሁሉም ልጆች በኤኮ ሲታዩ ግን በካምቦዲያ 21.5፣ በሞዛምቢክ 30.4 ሆኑ። ቡዮ ለጆሮ ያስረከቡት ሥራ ከጆሮ ዐቅም በላይ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። በ2015 የአሜሪካ የልብ ማኅበር መመዘኛውን ሲያሻሽል ዓለምን በሁለት ከፈለ። በሽታው ብርቅ በሆነበት ሕዝብ የቀድሞው ጥብቅ ወንፊት ይጸናል፤ በሽታው በሚበዛበት ሕዝብ ግን የአንድ መገጣጠሚያ እብጠት፣ ወይም እብጠት የሌለው የብዙ መገጣጠሚያ ሕመም፣ ከዓቢይ ምልክት ይቆጠራል። የትኩሳቱም ወሰን ከ38.5 ወደ 38 ዲግሪ ዝቅ አለ። ጆንስ በ1944 ከዓቢዮቹ ተራ አስገብተውት የነበረው የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ከስድሳ ዓመት ስደት በኋላ ለእነዚህ ሕዝቦች ወደ ቦታው ተመለሰ። በእነዚያ ስድሳ ዓመታት ውስጥ በሠንጠረዡ ሲመዘኑ ሳይሟሉ ቀርተው ወደ ቤታቸው የተሰናበቱ ልጆች ቁጥር የትም አልተመዘገበም።

ኢትዮጵያ የምትቆጠረው በሽታው ከሚበዛባቸው አገሮች ጎን ነው። ሩማቲክ የልብ በሽታ በአገሪቱ ሆስፒታሎች ለሕፃናትና ለወጣቶች የልብ ድካም ዋነኛ ምክንያቶች ከሆኑት አንዱ ነው። ሕመምተኛው ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ክዳኑ ከጠበበ ወይም ከላላ በኋላ፣ ትንፋሽ ሲያጥረውና እግሩ ሲያብጥ ነው። አንዳንዷም በሽታው እንዳለባት የምታውቀው ስታረግዝ ነው። ወደ ኋላ ተመልሶ ቢጠየቅ መንገዱ የታወቀ ነው። የጉሮሮ ሕመም በቤት ይታከማል፤ በየገጠሩም እንጥል ማስቆረጥ የቆየ ልማድ ነው። ያበጠው ጉልበት ወለምታ ተብሎ ወጌሻ ዘንድ ይሄዳል፤ ይታሻል። እብጠቱ ደግሞ በራሱ ጊዜ ስለሚለቅ ወጌሻው ይመሰገናል። የሚዘዋወረው ሕመም ብርድ ወይም ምች ይባላል። እናቲቱ ያየችው ትክክል ነበር፤ ያየችውን የሚጠይቃት ግን አልተገኘም።

በየካቲት 2015 በአዲስ አበባ የተሰበሰቡ የአፍሪካ ባለሙያዎች በሽታውን ከአህጉሩ ለማጥፋት ያስችላል ያሉትን መግለጫ ሲያወጡ፣ ከጠቀሷቸው ጉዳዮች መካከል የሕመምተኞች መዝገብ መቋቋምና የቤንዛቲን ፔኒሲሊን አቅርቦት ይገኙበታል። ሁለቱም ግን ምርመራን ተከትለው የሚመጡ ናቸው፤ ያልታወቀ ልጅ አይመዘገብም፣ መርፌም አይታዘዝለትም። ታውቆ ሲታዘዝለት ምን እንደሚሆን በሰሜን ኡጋንዳ የተደረገ ሰፊ ጥናት አሳይቷል። በኤኮ ብቻ የሚታይ የመጀመሪያ ደረጃ ጉዳት ካለባቸው 818 ልጆች መካከል ገሚሶቹ በየአራት ሳምንቱ ፔኒሲሊን ተወጉ፤ ገሚሶቹ ያለ መርፌ ክትትል ተደረገላቸው። በሁለት ዓመት ውስጥ በሽታው የገፋባቸው ከተወጉት 3፣ ካልተወጉት 33 ነበሩ። ልጆቹ የተገኙት ታመምን ብለው ወደ ጤና ጣቢያ መጥተው ሳይሆን፣ የኤኮው መሣሪያ ወደ ትምህርት ቤታቸውና ወደ መንደራቸው ሄዶ ነው።