ኢጃዛ፣ ምስክርና ማዕረግ፦ የዕውቀት ደረጃ አሰጣጥ ታሪክ ከአርብ ገበያ አንጻር

ዕውቀት በልብ ውስጥ ያለ ነገር ነውና በዓይን አይታይም። ስለዚህም ማስተማርን የያዘ ማኅበረሰብ ሁሉ በየዘመኑ አንድ ጥያቄ ገጥሞታል፤ ይህ ሰው ዐዋቂ ለመሆኑ ማን ይመስክር? በምንስ ይለካ? ጥያቄው ዛሬም በየመስጊዱና በየመድረሳው በአዲስ መልክ ይነሣል። ከዩኒቨርሲቲ በማዕረግ የተመረቀ ወጣትና ብዙ ዓመት ኪታብ ሲቀራ የኖረ ደረሳ በአንድ ሶፍ ሲቆሙ፣ የአንዱ ዕውቀት በቁጥር ተጽፎ ይታያል፤ የሌላው ግን በሸይኹ ቃል ይታወቃል። ከሁለቱ ማንኛው ያስተምር፣ ማንኛው ያሰግድ የሚለውን ለመመለስ አስቀድሞ ሁለቱ መመዘኛዎች ከየት እንደ መጡና ምን እንደሚመዝኑ ማወቅ ያሻል።

ለዚህ ምርመራ የጋይንት ምድር የተመቸ ማሳያ ነው። ከታች ጋይንቷ አርብ ገበያ ወደ ደቡብ ወርዶ በሽሎን የተሻገረ ሰው ወሎ ይገባል፤ ወሎ ደግሞ የአገራችን የኢስላም ትምህርት እምብርት ነው። እዚያው ጋይንት ውስጥ ዙር አምባና ቤተልሔም የሚባሉት የቤተ ክርስቲያን የዜማ ምስክር ቤቶች ይገኛሉ። ወደ ምዕራብ ሲሄዱ በ2004 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል የጀመረው ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ አለ። በአንድ አካባቢ ዙሪያ ሦስት የምስክርነት ሥርዓቶች ጎን ለጎን ቆመዋል ማለት ነው።

የመጀመሪያው ኢጃዛ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀማ ንጉሥን የመሠረቱት ሸይኽ ሙሐመድ ሻፊ፣ የጌታው ሰይድ ቡሽራ፣ የዳናው ሸይኽ አሕመድ ኢብን አደምና መሰሎቻቸው ባቀኑት የወሎ ትምህርት ቤት ደረሳው በክፍል አይመደብም፤ በኪታብ ነው የሚታወቀው። በፊቅህ ከሰፊና ወደ አቡ ሹጃዕ፣ ከዚያም ወደ ሚንሃጅ ያልፋል፤ በነሕው ከኣጅሩሚያ ተነሥቶ እስከ አልፊያ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ተፍሲርና ሐዲስ ይከተላል። «የት ደርሰሃል?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ የኪታብ ስምና ባብ ነው። ሸይኹም ተማሪው መብቃቱን ሲያረጋግጥ ያንን ኪታብ እንዲያቀራ ይፈቅድለታል። ኢጃዛ ማለት ፈቃድ ነውና ሦስት ነገሮችን ይናገራል፤ ማን እንደ ፈቀደ፣ ለማን እንደ ፈቀደና ምን እንደ ፈቀደ። ስንተኛ ወጣ የሚል ነገር የለበትም።

የጋይንት ምስክር ቤቶችም በዚህ ረገድ የራቁ አይደሉም። ድጓ በሌላ ስፍራ የተማረ ደቀ መዝሙር ለማስመስከር ቤተልሔም ይወርዳል፤ ዝማሬ መዋሥዕት የተማረም ዙር አምባ ይወጣል። እዚያ የሚመረምረው ያስተማረው መምህር ብቻ ሳይሆን በዚያ ሙያ የታወቀው የምስክር ቤቱ መምህር ነው። ቃሉ «መስክሯል» ወይም «አልመሰከረም» ነው፤ በመካከል ነጥብ የለም። በሃይማኖት የተለያዩ ሁለት ማኅበረሰቦች በአንድ ምድር ዕውቀትን ከመምህር ምስክርነት ጋር ማሰራቸው ልብ ሊባል ይገባዋል።

ይህ ማለት ግን ሙስሊሞች ደረጃ መስጠትን አያውቁም ማለት አይደለም። የሐዲስ ሊቃውንት ራዊዎችን በደረጃ የመደቡት ከዘመናዊው ዩኒቨርሲቲ እጅግ ቀድመው ነው። በ327 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ኢብኑ አቢ ሓቲም የጀርሕና የተዕዲል ቃላትን በየአራት ደረጃ ከፈሉ። በ852 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ኢብኑ ሐጀር አል-ዐስቀላኒም በተቅሪባቸው ራዊዎችን በ12 ደረጃ መደቡ። መስፈርቱ ሁለት ነበር፤ ዐዳላ፣ ማለትም የሰውየው ቀጥተኛነት፣ እና ደብጥ፣ ማለትም የአያያዙ ጥንካሬ። እነዚህን ሁለቱን በአማካይ አልደባለቁም፤ ውሸታም ራዊ ጥሩ የማስታወስ ችሎታ ስላለው ብቻ ወደ መካከለኛ ደረጃ አይወጣም። አንዱን ሰው እንኳ እንደ መምህሩ ይለያዩታል፤ ኢስማዒል ኢብኑ ዐያሽ ከሻም ሰዎች ሲያወራ ተቀባይነት አለው፣ ከሌሎች ሲያወራ ግን ደካማ ነው ይባላል።

የጽሑፍ ፈተናና በቁጥር የሚሰላ ነጥብ የኋለኛው ዘመን ሥራ ነው። በአሜሪካ የዬል ኮሌጅ ፕሬዚዳንት እ.ኤ.አ. በ1785 የፈተኗቸውን 58 ተማሪዎች በአራት መደብ ከፍለው መዘገቡ፤ ማውንት ሆልዮክ ኮሌጅም በ1897 ውጤትን በፊደል ሰጠ። በእኛም ዓለም ብዙ የሐበሻ ልጆች ባለፉበት አል-አዝሀር ለውጡ መጥቷል። የጀበርት ሪዋቅ በዚያ ከጥንት ጀምሮ ነበር፤ የታሪክ ጸሐፊው ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ አባቶች የዚያ ሪዋቅ ሸይኾች ነበሩ። በእነርሱ ዘመን ሰው ዓሊም የሚባለው በመምህራኑ ኢጃዛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1872 የወጣው ደንብ ግን ለማስተማር የሚሻ ሁሉ በ11 የትምህርት ዓይነቶች በዑለማ ጉባኤ ፊት እንዲፈተን፣ ያለፉትም በአንደኛ፣ በሁለተኛና በሦስተኛ ደረጃ እንዲመደቡ አዘዘ።

ወደ አገራችን የገባው የአሜሪካው ሥርዓት ነው። በ1943 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1954 ዓ.ም. ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አደገ፤ የፊደል ውጤትና የ4.00 መለኪያም የአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች የጋራ ቋንቋ ሆነ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ኤ 4፣ ቢ 3፣ ሲ 2፣ ዲ 1 ነጥብ ሲይዙ ኤፍ ዜሮ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ በትምህርቱ ክሬዲት ይባዛል፤ ድምሩ ለጠቅላላው ክሬዲት ይካፈላል። ተማሪው በባለ 3 ክሬዲት ኤ፣ በባለ 4 ክሬዲት ቢ፣ በሌላ ባለ 3 ክሬዲት ሲ ቢያገኝ 12፣ 12 እና 6 ተደምረው 30 ይሆናሉ፤ ለ10 ሲካፈል 3.00 ነው። ለመመረቅ ቢያንስ 2.00 ይጠየቃል። በተለመደው ደንብ 3.25 የደረሰ በማዕረግ፣ 3.50 የደረሰ በከፍተኛ ማዕረግ፣ 3.75 የደረሰ በእጅግ ከፍተኛ ማዕረግ ይመረቃል። በበርካታ ተቋማት የዋናው ሙያ ትምህርት ውጤት ለብቻው ይታያል፤ በአንዳንዶቹም ኤፍ ያለበት ተማሪ ማዕረግ አያገኝም።

ምሳሌውን ትንሽ እንግፋው። ያው ተማሪ በሦስተኛው ትምህርት በሲ ፋንታ ቢ ፕላስ፣ ማለትም 3.5 ቢያገኝ ድምሩ 34.5፣ አማካዩ 3.45 ይሆናል፤ ከማዕረግ ውጭ የነበረው ሰው የማዕረግ ተመራቂ ሆነ። የአማካይ ጥቅሙ ብዙ ዓይነት ትምህርትን በአንድ መስፈሪያ ማገናኘቱና ለማያውቁት ቀጣሪ ፈጥኖ መናገሩ ነው። ጉድለቱም ከዚያው ይመነጫል፤ ድካምንና ብርታትን ቀላቅሎ ይሸፍናል። መንግሥት ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና እንዲወስዱና ቢያንስ 50 ከመቶ እንዲያመጡ ማድረጉ የተማሪው ነጥብ ብቻውን በቂ ምስክር እንዳልሆነ ማመን ነው። ያስተማረው ብቻ ሳይሆን ሌላም ይመስክር ማለት ነውና ከቤተልሔሙና ከ1872ቱ አዝሀር ሐሳብ ጋር ይገጥማል።

እንግዲህ መምህራንና ኢማሞች ከዚህ ታሪክ የሚወስዱት ምንድን ነው? አንደኛ፣ ኢጃዛን በ4.00 መለኪያ መተርጎም አይቻልም፤ አንዱ ስለ አንድ ኪታብ የተሰጠ ፈቃድ ነው፣ ሌላው ስለ ብዙ ትምህርት የወጣ አማካይ ነው። ሁለተኛ፣ ኢጃዛ እንዲታመን ግልጽ መሆን አለበት፤ የሸይኹ ስም፣ የኪታቡ ስምና የተቀራው ልክ በጽሑፍ ይቀመጥ፤ ከመድረሳው ውጭ ያለ ሌላ ዓሊምም ደረሳውን ይመርምር። ሸይኹ ካለፉ በኋላ ቃላቸው ብቻ የሚቀርለት ደረሳ ምስክሩን ከእርሳቸው ጋር ይቀብራልና። ሦስተኛ፣ መድረሳ ነጥብ መስጠት ቢሻ ይስጥ፤ ነገር ግን የሐዲስ ሊቃውንትን ጥንቃቄ አይርሳ። ቁርኣን በተጅዊድ የማይቀራ ሰው በሌሎች ትምህርቶች ባገኘው ከፍተኛ ነጥብ አማካዩ ስለ ወጣ ብቻ ሚሕራብ ውስጥ ሊቆም አይገባውም። ጀመዓው ከኋላው የሚሰግደው ቂራኣቱንና አማናውን አምኖ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ በየራሳቸው ይመዘኑ።