«ሞተሪኖ» እና «አልነሣ አለ»፦ ስለ አውቶሞቢል ማስነሻ ቃላት ታሪክ

በዛሬው የቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ የሚገኙት የሰፈር ስሞች ለቃላት ታሪክ ተመራማሪ ጥሩ ማስረጃ ናቸው። ቂርቆስ በግእዝ በኩል የደረሰን የሰማዕት ስም ነው። ለገሃር የምድር ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ከፈረንሳይኛው የጣቢያ መጠሪያ የወጣ ነው። ካዛንቺስ ደግሞ በጠላት ወረራ ዘመን፥ ማለት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፥ ለኢጣሊያ መንግሥት ሠራተኞች ቤት ያሠራ የነበረው «ኢንቺስ» የተባለው ተቋም ስም፥ ቤት ማለት ከሆነው «ካዛ» ጋር ተጋጥሞ የተገኘ ነው። የአውቶሞቢል ቃሎቻችንም እንዲሁ የተደራረቡ ናቸው። ሾፌርና ጋራዥ ፈረንሳይኛ፥ ካንዴላ፥ ፍሪሲዮን፥ ኩሽኔታና ካቻቢቴ ኢጣልያንኛ ናቸው። «ሞተሪኖ»ም ከእነዚሁ ወገን ነው።

በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ ምኒልክ የመጣው አውቶሞቢል ሞተሪኖ አልነበረውም። የዚያን ዘመን ሞተር የሚነሣው በእጅ በሚዞር ብረት፥ ኋላ ማኖቬላ በተባለው፥ ነበር፤ ብረቱም ወደ ኋላ ሲመታ ክንድ ይሰብር ነበር። አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ የኤሌክትሪክ ማስነሻን የሠራው እ.ኤ.አ. በ1911 ሲሆን፥ ካዲላክ በተከታዩ ዓመት ሞዴል ላይ አዋለው። ኢጣሊያኖች ይህንን መሣሪያ «ሞቶሪኖ ዳቪያሜንቶ» አሉት፤ ማስነሻ የሆነ ትንሽ ሞተር ማለት ነው። አማርኛ «ትንሽ ሞተር» የሚለውን ብቻ ወስዶ «ማስነሻ» የሚለውን ተወ። ትንሽነቱም ለአማርኛ ተናጋሪ ስለማይሰማው ቃሉ የአንድ ዕቃ ብቻ ስም ሆኖ ጸና።

ባዕድ ነውና በ«ማስነሻ» ይተካ የሚል ሐሳብ ቢቀርብ ግን አንስማማም። ቁልፉም ማስነሻ ነው፤ ማኖቬላውም ማስነሻ ነበር። «ማስነሻው ተበላሸ» የተባለ ባለመኪና የቱን ሊለውጥ ነው? ጥያቄው ገንዘብ ያስወጣል፤ የባትሪው ራስ ዝጎ ሳለ ሞተሪኖ የሚገዛ ሰው አይታጣምና።

አማርኛ በዚህ ነገር ድሀ አይደለም፤ ሀብቱ ያለው ግን በስሙ ሳይሆን በግሱ ነው። መኪናው እንደ በሬ «አልነሣ አለ» ይባላል፤ እንቢታ ተሰጥቶታል። ከዚያም የድምፅ ቃላት ይከተላሉ። ቁልፍ ሲዞር በሞተሪኖው ላይ ያለው የኤሌክትሪክ መሳቢያ ጥርሱን ወደ ቮላኖ ገፍቶ ትልቁን የኃይል መስመር ይዘጋል፤ የሚሰማው «ቀጭ» የዚህ ነው። ባትሪው ከደከመ መሳቢያው ይይዛል፤ ወዲያው ኃይሉ ይወርድና ይለቃል፤ ኃይሉ ሲመለስ እንደገና ይይዛል። ይህ «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ጠንክሮ «ቀጭ» ብሎ ዝም ካለ ግን፥ የመሳቢያው መገናኛ መቃጠሉን ወይም የሞተሪኖው ካርቦን ማለቁን ያስጠረጥራል። መብራት አብርቶ ቁልፍ ማዞር ነገሩን ይለያል፦ መብራቱ ከፈዘዘ ጥፋቱ በባትሪው ወይም በራሶቹ፥ እንደ በራ ከቀረ በሞተሪኖው በኩል ነው። ካርቦኑ ያለቀ ሞተሪኖ በመዶሻ ቀስ ተብሎ ሲመታ አንዳንዴ የሚዞረው፥ ካርቦኑ ለጊዜው ስለሚነካ ነው። ሞተሩ እየዞረ የማይነሣ ከሆነ ደግሞ «ያዞራል፥ አይነሣም» ይባላል፤ ያን ጊዜ ነዳጅንና ካንዴላን እንጂ ሞተሪኖን መክሰስ አይገባም።

እንግዲህ ነጠላው «ቀጭ» እና ተደጋጋሚው «ቀጭ ቀጭ» ሁለት የተለያዩ በሽታዎችን ያመለክታሉ። መዝገበ ቃላት አዘጋጅ እንዲህ ያለውን ቃል «የድምፅ ቃል» ብሎ በአንድ መስመር ቢያልፈው የትርጉሙን እኩሌታ ጥሏል። (በኮምፒዩተር ተጠቃሚው ዘንድ የገባው «ጠቅ» የዚሁ ዘመድ ሳይሆን አይቀርም።)

ሥራው ጊዜ አይሰጥም። በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ተከልክሏል፤ የኤሌክትሪክ መኪናም ሞተሪኖ የለውም። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በኮሪደር ልማት ምክንያት ብዙው የካዛንቺስ ነባር ቤት ፈርሶ ነዋሪው ተበትኗል። ለካርድ የምናቀርበው የሚከተለውን ነው፦

ሞተሪኖ፥ ስም (ከኢጣልያንኛ)። በባትሪ ኃይል ዞሮ የመኪናን ሞተር የሚያስነሣ መሣሪያ።

ቀጭ አለ፥ ግስ። ስለ ሞተሪኖ፦ ጥርሱን ገፍቶ ሳይዞር ቀረ። ሲደጋገም (ቀጭ ቀጭ አለ)፦ ባትሪው ደከመ።