ሙስታንግን ያተረፈችው የተናቀችው ሙስታንግ

በየዓመቱ ኤፕሪል 17 ቀን የፎርድ ሙስታንግ ወዳጆች የመኪናቸውን ልደት ያከብራሉ። እ.ኤ.አ. በ1964 በዚሁ ዕለት በኒውዮርኩ የዓለም ትርዒት ለሕዝብ የቀረበችው ሙስታንግ መነሻ ዋጋዋ 2,368 ዶላር ነበር። ወጣት ደመወዝተኛ የሚደርስባት ስፖርት ቀመስ መኪና በመሆኗ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ400 ሺህ በላይ ተሸጣለች። ይህ ብዙ የተጻፈለት ታሪክ ነው። በልደቱ ቀን ስሟ የማይነሳው፣ ከተነሳም ለነቀፌታ የሚነሳው፣ ከ1974 እስከ 1978 ሞዴል የተመረተችው ሙስታንግ 2 ናት። የአሜሪካ መኪና መጽሔቶች ከመጥፎዎቹ ሙስታንጎች ተርታ ሲያሰልፏት ኖረዋል። ፍርዱ ግን ትክክል አይደለም።

ነገሩ የጀመረው የመጀመሪያዋ ሙስታንግ መወፈር ስትጀምር ነው። ትልቅ ሞተር ይግባላት እየተባለ ጎኗ ሰፋ፣ አፍንጫዋ ረዘመ። በ1973 ርዝመቷ 4.9 ሜትር ደርሶ ነበር። ገበያው በአንጻሩ ወርዶ የዚያ ዓመት ሞዴል 135 ሺህ ያህል ብቻ ተሸጠ። አደጋውን ቀድመው ያዩት መሐንዲሶቹ ብቻ አልነበሩም። በ1968 በተካሄደው የባለአክሲዮኖች ስብሰባ አንዲት ባለድርሻ ተነስተው፣ ተንደርበርድ የተባለችው መኪና እንዴት አብጣ እንደተበላሸች አስታውሰው፣ ሙስታንግም በዚያው መንገድ እየሄደች መሆኑን ለኩባንያው ሊቀመንበር ለሄንሪ ፎርድ ዳግማዊ ፊት ለፊት ነገሯቸው።

የመጀመሪያዋን ሙስታንግ ለገበያ ያበቁት ሊ አያኮካ በዲሴምበር 1970 የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሆኑ። ትንሽና ንጹሕ መኪና እንድትሠራላቸው አዘዙ። የኩባንያው የንድፍ ክፍሎች እርስ በርስ እንዲወዳደሩ ተደረገ፤ የጣሊያኑ የጊያ ስቱዲዮም የሙከራ መኪና ሠርቶ ላከ። መሠረቷ የተወሰደው ፒንቶ ከተባለችው የፎርድ ርካሽ መኪና ነው። ሴፕቴምበር 21 ቀን 1973 ለገበያ ቀረበች። ወር ሳይሞላት የዓረብ ነዳጅ አምራች አገሮች በአሜሪካ ላይ ማዕቀብ ጣሉ። በርሜሉ ከ3 ዶላር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 12 ዶላር ተጠጋ፤ በቤንዚን ማደያ በር ላይም ሰልፍ ተሰለፈ።

ክርክሩ እዚህ ላይ ነው። አንዱ ወገን አያኮካ የሚመጣውን አስቀድመው አይተዋል ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ ዕድል ቀናቸው እንጂ ያቀረቡት ልብስ የቀየረች ፒንቶ ነበረች ይላል። የዘመን ቅደም ተከተሉን ለሚያጤን የመጀመሪያው አባባል አያስኬድም። መኪናዋ የታሰበችው ማዕቀቡ ከመጣሉ ሦስት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ ቤንዚን እንደ ልብ በሚገኝበት ጊዜ ነው። ያን ጊዜ የሚያሳስበው የነዳጅ ጉዳይ ሳይሆን፣ እንደ ቶዮታ ሴሊካ ያሉ ከውጭ የሚገቡ ትንንሽ ስፖርት መኪኖች ደንበኛ መውሰዳቸው ነበር። ሁለተኛው አባባልም ግን ግማሽ እውነት ነው። ደንበኛ ሲያጉረመርም ሰምቶ፣ አትራፊ የተባለውን ትልቅ መኪና ትቶ ወደ ትንሹ መመለስ ውሳኔ ይጠይቃል። አያኮካ ይህን ወስነዋል። ማዕቀቡ የደረሰው ውሳኔው ካለቀ በኋላ ነው።

ኮፋኖዋን የከፈተ ሰው የሚያገኘው 2.3 ሊትር ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር ነበር፤ ጉልበቱ 88 የፈረስ ጉልበት ብቻ። ካሻው ደግሞ ባለ 6 ሲሊንደሩን ይመርጣል። በ1974 ሞዴል ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር በአሜሪካ ጭራሽ አልቀረበም፤ በሙስታንግ ታሪክ እንዲህ ያለ ዓመት ሌላ የለም። ከ1973ቱ ሞዴል በግማሽ ሜትር ገደማ ብታጥርም ክብደቷ ግን ከ1964ቷ ይበልጥ ስለነበር ዳገት ላይ ትደክማለች። ይህ ነቀፌታ እውነት ነው፤ ሊካድ አይገባም። ገዢው ግን የሚፈልገውን አግኝቷል። የ1974 ሞዴል 385,993 ተመረተ፤ ካለፈው ዓመት ሦስት እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው ነው።

ያው ማዕቀብ ያናረው የነዳጅ ዋጋ በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎችን ለአድማ አስነስቶ፣ ለአብዮቱ በር ከከፈቱት ነገሮች አንዱ መሆኑን የእኛ አገር አንባቢ አይዘነጋም። የዲትሮይት መኪና አምራቾችን በዚያው ወቅት ያሳሰቧቸው በፋብሪካ ግቢ ተደርድረው ገዢ ያጡት ትልልቅ መኪኖች ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ብዙ የሚያስተርኩ አይደሉም። በ1975 ባለ 8 ሲሊንደሩ ሞተር ቢመለስም የጭስ ብክለት ደንቡ አንቆ ይዞት ከ140 የፈረስ ጉልበት አላለፈም። ኮብራ 2 የተባለችው ባለ ሰንበር ሞዴል በ1976 መጣች፤ በመልኳ እንጂ በፍጥነቷ አልታወቀችም። በዲሴምበር 1975 የተፈረመው ሕግ ከ1978 ጀምሮ የየአምራቹ መኪኖች በአማካይ በጋሎን 18 ማይል እንዲሄዱ ስላስገደደ፣ በ1979 የተተካችው ሙስታንግም ቀላል ሆና ተሠራች። አያኮካ በጁላይ 1978 ከፎርድ ተሰናበቱ።

ሙስታንግ 2 በአምስት ዓመት ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች። ያ ገበያ ባይገኝ ኖሮ ስሙ ከ1973 በኋላ መቀጠሉ ያጠራጥር ነበር። ተወዳዳሪዎቿ ጃቬሊንና ባራኩዳ በ1974 ቀርተዋል። የሚገርመው፣ የነቀፏት ባለሙያዎች እንኳ የፊት እግሯን ወደውታል። የ1930ዎቹን ፎርዶች እንደገና የሚሠሩ አሜሪካውያን መካኒኮች እስካሁን የሚገጥሙት በሙስታንግ 2 ንድፍ የተሠራውን የፊት እግርና መሪ ነው።

ፎርድ በኖቬምበር 2019 ባለ አራት በር የኤሌክትሪክ መኪና ሙስታንግ ማክ ኢ ብሎ ሲያቀርብ ያው ቁጣ ተነሳ፤ ይህች ሙስታንግ አይደለችም ተባለ። በ2024 በአሜሪካ ገበያ ከቤንዚኗ ሙስታንግ ይበልጥ የተሸጠችው ይህችው ኤሌክትሪኳ ናት።