በጦርነት ዋዜማ የተከፈተ የቋንቋ ትምህርት ቤት

አንድ ቋንቋ አስቸጋሪ ነው ሲባል ለማን እንደ ሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። ጃፓንኛ ከአማርኛ ተናጋሪው ይልቅ እንግሊዝኛ ተናጋሪውን ግራ የሚያጋባባቸው ነገሮች አሉት። በእንግሊዝኛ ግሡ ባለቤቱን ተከትሎ ሲመጣ፣ በጃፓንኛ ግን እንደ አማርኛችን የዓረፍተ ነገሩ መዝጊያ ነው። እኛ «አንተ»ንና «እርስዎ»ን እንደምንለይ ሁሉ ጃፓናዊውም ለታላቅና ለታናሽ ንግግሩን ይለውጣል። ሂራጋናና ካታካና የተባሉት ጽሕፈቶች ምልክቶችም አብዛኞቹ፣ እንደ ፊደላችን፣ ተነባቢና አናባቢን አጣምረው የያዙ ናቸው። ለብዙ ባዕድ የሚከብደው ከቻይና የተወሰደው ካንጂ ነው፤ ጋዜጣ ለማንበብ ሁለት ሺህ ያህል ምልክቶችን ማወቅ ያስፈልጋል።

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ይህን ቋንቋ በብዛትና በፍጥነት እንዲማሩ ያደረገው ጦርነት ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ጃፓንኛ የሚያነቡ መኮንኖች ስላነሱት፣ ፐርል ሐርበር ከመደብደቡ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ በጥቅምት 1941 (እዚህ የተጠቀሱት ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሃርቫርድና በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርት አስጀመረ።

አሠራሩ ጥብቅ ነበር። በአንድ ክፍል የሚቀመጡት ተማሪዎች ከስድስት አይበልጡም። በሳምንት ስድስት ቀን፣ በቀን አራት ሰዓት ይማራሉ፤ ለጥናትም ቢያንስ ያንኑ ያህል ጊዜ ያውላሉ። ቅዳሜ ፈተና አለ። መማሪያው ናጋኑማ ናኦዬ ቀደም ሲል በቶኪዮ የአሜሪካ ኤምባሲ መኮንኖችን ለማስተማር ያዘጋጀው መጽሐፍ ነበር። አንድ ዓመት ያህል ከተማሩ በኋላ ተመራቂዎቹ ወደ ሥራ ይሰማራሉ።

መምህራኑስ እነማን ነበሩ? አብዛኞቹ ትውልደ ጃፓን ናቸው። በየካቲት 1942 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በፈረሙት ትእዛዝ መሠረት 120,000 ያህል ትውልደ ጃፓን፣ ሁለት ሦስተኛው የአሜሪካ ዜጎች ሆነው ሳሉ፣ ከምዕራቡ ጠረፍ ተነሥተው በካምፕ ታጎሩ። በርክሌይም ያለችው በዚያው ጠረፍ ስለሆነ፣ ባሕር ኃይሉ መምህራኑን እንዳያጣ በ1942 አጋማሽ ትምህርት ቤቱን ቦልደር ወደሚገኘው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ አዛወረው። ከካምፕ ወጥተው ወደ መማሪያ ክፍል የገቡ መምህራንም ነበሩ። ዘመዶቻቸው በሽቦ አጥር ውስጥ ታግተው ሳሉ፣ እነርሱ ያንኑ ያገተውን መንግሥት መኮንኖች ያስተምሩ ነበር። መንግሥቱ ይቅርታ የጠየቀውና ለተረፉት ካሣ የወሰነው ከብዙ ዓመታት በኋላ በ1988 ነው።

ከተመራቂዎቹ አንዱ የኒው ዮርኩ ተወላጅ ዶናልድ ኪን ነው። በሃዋይ የተሰጠው ሥራ በጦር ሜዳ የተገኙ ሰነዶችን መተርጎም ነበር። ከእነዚህም መካከል የሞቱ የጃፓን ወታደሮች የዕለት ማስታወሻዎች ይገኙ ነበር። ረሃብን፣ በሽታንና የቤተሰብ ናፍቆትን ሲያነብ፣ ጠላት ተብሎ የተነገረለት ሕዝብ ሰው ሆኖ ታየው። ከጦርነቱ በኋላ ማስታወሻው ለቤተሰብ እንዲመለስ በእንግሊዝኛ አደራ የጻፉም ነበሩ። ኪን እነዚያን ደብቆ ቢያቆይም ተፈትሾ ተወሰዱበት። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን በሙሉ የጃፓንን ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምርና ሲተረጉም ኖረ። በ2012 የጃፓን ዜግነት ወስዶ በ2019 በ96 ዓመቱ ዐረፈ። ሌላው ተመራቂ ኤድዋርድ ሳይደንስቲከርም የካዋባታን ልብ ወለዶች ወደ እንግሊዝኛ መለሰ፤ ካዋባታ በ1968 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል።

የቦልደር ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲ ውጤታቸው የተመረጡ ነበሩ። ስለዚህ ስድሳ ተማሪ ለሚያስተምር መምህር ያን አሠራር እንዳለ ቅዳ ማለት አይቻልም። ሆኖም ከታሪኩ ሁለት ነገር እንረዳለን። «የማይቻል» ይባል የነበረው ቋንቋ በቂ ጊዜ፣ በየቀኑ ልምምድና ቋንቋውን የሚናገር መምህር ሲገኝ የሚቻል ሆነ። ሁለተኛውም፣ መምህር ያስተማረው ነገር አሠሪው ባሰበለት ግብ ብቻ ተወስኖ አይቀርም። ባሕር ኃይሉ የፈለገው ጠላትን የሚሰልሉ ሰዎችን ነበር፤ እነዚያ መምህራን ግን የጠላትን ልብ የሚያነቡ ሰዎችንም አፈሩ።