ስለ አንዲት አረንጓዴ ስባሪ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ተማሪዬ አንዲት ስባሪ በእጁ ይዞ መጣ። «ቲቸር፣ ይቺ ምንድን ናት?» አለኝ። ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አትበልጥም፤ አረንጓዴ፣ ለስላሳ፣ ታብረቀርቃለች። እዚሁ ጎንደር ለቤት መሠረት ሲቆፈር ነው ያገኛት። የት ሰፈር? ምን ያህል ጥልቀት ላይ? ከምን ጋር? አልጠየቅኩትም። መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኳት። ዛሬም ይቆጨኛል።

እስኪ ከስሙ እንጀምር። ቡና የምንጠጣበት «ሲኒ» ስሙን ያገኘው ከዐረብኛ ነው፤ ትርጉሙ «የቻይና» ማለት ነው። አቦል ቶና በረካ ስንል ሳናውቀው የሩቅ አገር ስም እየጠራን ነው።

ቻይናዎቹ ዘንድ ደግሞ ሥዕል የሌለበት ባለአንድ ቀለም ዕቃ ተራ ነገር አልነበረም። በቤተ መንግሥቱ ሥርዓት ለሰማይ መሠዊያ ሰማያዊ፣ ለምድር ቢጫ፣ ለፀሐይ ቀይ፣ ለጨረቃ ነጭ ነበር። ሥዕል ስለሌለው እንከኑን የሚሸፍንለት የለም። ቀዩ ቀለም ከመዳብ ስለሚወጣ የምድጃው አየር ትንሽ ከተዛባ ይበላሻል። በጂንግደዠን ከተማ እንከን የተገኘበት የንጉሥ ዕቃ ተሰባብሮ ይቀበር ነበር። ዛሬ ባለሙያዎች ያንኑ ስባሪ ከጉድጓድ እያወጡ፣ እየገጣጠሙ ታሪክ ያነቡበታል።

እንግዲህ እ.ኤ.አ. 2017ን ተመልከቱ። 900 ዓመት ገደማ ያላት፣ 13 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላት ባለአንድ ቀለም የብሩሽ ማጠቢያ ሳህን ሆንግ ኮንግ ላይ በ37.7 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠች። በዚያው ዓመት ድሬዳዋ አጠገብ ሐርላ ላይ የተቆፈረው ጥንታዊ ከተማ ውጤት ይፋ ሆነ፤ ከግኝቶቹ መካከል የቻይና ሸክላ ስባሪ ነበረበት። ይሄን ማንም ጨረታ አያወጣውም። ግን የተገኘበት የአፈር ንብርብር፣ አብረውት የወጡት ሳንቲምና ዶቃ ስለተመዘገቡ፣ የአገራችን ነጋዴ ከሕንድ ውቅያኖስ ማዶ ጋር ይገናኝ እንደነበር መሰከረ።

ጎንደርም ከዚህ ዓለም ውጭ አልነበረችም። ኮጃ ሙራድ የሚባል አርመናዊ ነጋዴ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የነገሥታቶቻችን መልእክተኛ ሆኖ እስከ ባታቪያ፣ እስከ ዛሬዋ ጃካርታ ሄዷል። ባታቪያ ማለት ሆላንዶች የቻይና ዕቃ የሚነግዱባት ወደብ ነበረች። ታላቁ ኢያሱ (1682–1706) እዚህ ሲነግሡ፣ እዚያ ንጉሡ ካንግሺ ነበር። ከዚያ ዘመን ንብረት ግን ብዙ አልቀረልንም። በ1866 አፄ ቴዎድሮስ የጎንደር አብያተ ክርስቲያናትን ሀብት ወደ መቅደላ አጋዙት፤ ከሁለት ዓመት በኋላ እንግሊዞች ከመቅደላ ዘረፉ። በ1888 ደግሞ ደርቡሽ ከተማዋን አቃጠለ። የቀረን መሬቱ ነው።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ስትቆፍሩ ስባሪ ካገኛችሁ አትሽጡት፣ ኪሳችሁም አትክተቱት። ባለበት ፎቶ አንሱት፣ ቦታውን ጻፉ፣ ለባህልና ቱሪዝም ሰዎች ንገሩ። ቦታዋን ያጣች ስባሪ ምስክርነቷን የረሳች ምስክር ናት።

አንተ ልጅ፣ ይህን ካነበብክ ደውልልኝ። ስባሪህ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ ናት። ሰፈሩን ካስታወስክ ገና አልረፈደም።