ከደጋ የወረደ ማዳበሪያ

ከካርቱም ዐማራት ሰፈር በስተሰሜን፣ ጥቁር ዓባይና ነጭ ዓባይ በሚገናኙበት ስፍራ፣ የቱቲ ደሴት አለች። አትክልቷና ፍራፍሬዋ ከተማዋን ለትውልዶች መግቧል። ማዳበሪያውን ያመጣላት የክረምቱ ሙላት ነበር።

ሙላቱ ያመጣው ጥቁር ደለል አብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ የታጠበ የባዛልት አፈር ነው፤ ካልሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ፖታሲየምና ብረት አዝሏል። ውሃው ሲሸሽ ገበሬው ሱዳኖች «ጀሩፍ» በሚሉት የወንዝ ዳር መሬት ላይ እርጥበቱ ሳይጠፋ ይዘራል። ናይትሮጅኑ ግን አነስተኛ ስለሆነ ፍግ ሲታከልበት ይሻላል።

የሮዛሪስ ግድብ በ1966 እ.ኤ.አ. ከተሠራ ወዲህ ብዙ ደለል ከግድቡ ኋላ ተከማችቶ ቀርቷል።

የቱቲን ጓሮ ያለመለመው ሀብት ከደጋው ማሳ የተገፈፈ መሆኑ ያሳዝናል። በኢትዮጵያ በ2012 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የአፈር ካርታ ሥራ በብዙ ማሳዎች ድኝ፣ ቦሮንና ዚንክ መጉደላቸውን አሳይቷል።