ግራም ማቅለሚያ

ግራም ማቅለሚያ ባክቴሪያዎችን በሕዋስ ግድግዳቸው ጠባይ በሁለት ጎራ የሚለይ የቤተ ሙከራ ዘዴ ነው። ስያሜው ከዴንማርካዊው ሐኪም ሃንስ ክርስቲያን ግራም የመጣ ሲሆን፣ እርሱም በበርሊን በሳንባ ምች የሞቱ ሰዎችን የሳንባ ናሙና ሲመረምር የደረሰበትን ዘዴ በ1884 እ.ኤ.አ. አሳተመ።

ናሙናው በቀጥታ ከሕመምተኛ፣ አለዚያም አጋር በተባለ የባክቴሪያ ማሳደጊያ ላይ ከ35 እስከ 37 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት አንድ ሌሊት ካደገ የባክቴሪያ ክምችት (ኮሎኒ) ይወሰዳል። በስላይድ ላይ በስሱ ተቀብቶ ከደረቀ በኋላ በነበልባል ላይ ፈጠን ተደርጎ ያልፋል፤ ሙቀቱ ያጣብቀዋል። ከዚያ ሐምራዊው ክሪስታል ቫዮሌት፣ ቀጥሎም አዮዲን ለአንድ አንድ ደቂቃ ያህል ይፈስበታል። ወሳኙ እርምጃ በአልኮል ወይም በአሴቶን ማጠብ ነው። ጥቂት ሰከንድ ከበዛ የሁሉም ቀለም ይለቃል፤ ካነሰ የማንም አይለቅም። ጀማሪ ባለሙያ የሚሳሳተውም አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው። በመጨረሻ ቀዩ ሳፍራኒን ይጨመራል።

እንደ ስታፊሎኮከስ ያሉ ወፍራም የፔፕቲዶግላይካን ግድግዳ ያላቸው ሐምራዊውን ይዘው ይቀራሉ፤ ግራም ፖዘቲቭ ይባላሉ። እንደ ኢ. ኮላይ ያሉ ባለ ስስ ግድግዳዎች ሮዝ ይሆናሉ፤ ግራም ኔጌቲቭ ናቸው። ያረጀ ኮሎኒ ግን ያታልላል፤ ፖዘቲቩ ኔጌቲቭ መስሎ ሊታይ ይችላል።

ኢትዮጵያን ጨምሮ በአፍሪካ የማጅራት ገትር ቀጠና ባሉ አገሮች ዘዴው ልዩ ዋጋ አለው። ከኅብለ ሰረሰር በተቀዳ ፈሳሽ ውስጥ ጥንድ ጥንድ የሆኑ ሮዝ ድቡልቡል ባክቴሪያዎች ከታዩ የበሽታው አምጪ ሜኒንጎኮከስ ይጠረጠራል፤ ባክቴሪያውን አሳድጎ መመርመር (ካልቸር) ቢያንስ አንድ ቀን ሲፈጅ ይህ ውጤት በደቂቃዎች ይደርሳል። የቲቢ ባክቴሪያ ግን ግድግዳው ሰም መሰል ስለሆነ በግራም በደንብ አይቀለምም፤ ለእርሱ የዚል ኒልሰን ማቅለሚያ ያገለግላል።